ውሻው ማንን ይጠብቃል?

ነጋዴው፦ ነገሩን ላሳጥረው። መርካቶ፣ እህል በረንዳ መጋዘን አለኝ። ጤፉ ከጎጃምና ከአድአ፣ ስንዴው ከአርሲና ከባሌ ይመጣል። መኪናው የሚገባው ሌሊት ነው፤ እስኪነጋ ይራገፋል። በዚህ መሀል እህል ይጎድለኛል። አልፎ አልፎ ሙሉ ኩንታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት። ዘበኛ ቀጠርሁ፣ ካሜራ አስገጠምሁ፣ ቁልፍ ለወጥሁ። የቀረኝ ውሻ ነው። ካንጋል የሚባለውን አይቼዋለሁ፤ ጥጃ ያህላል። የእሱን ቡችላ ፈልግልኝና አሠልጥንልኝ።

አሠልጣኙ፦ እፈልግልዎታለሁ ከማለቴ በፊት፣ ጋሼ፣ ምን እንዲያደርግልዎት ነው የሚፈልጉት?

ነጋዴው፦ እንዲጠብቅ ነዋ! ሌላ ምን ያደርግልኛል?

አሠልጣኙ፦ ጥበቃ ሁሉ አንድ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድን ይውሰዱ። ዘሩን እ.ኤ.አ. በ1899 መዝግቦ ያቋቋመው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው፤ የፈለገውም ከሰው ጋር የሚሠራ ውሻ ነበር። ያ ውሻ የጌታውን ዓይን ያያል፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ተው ሲሉት ይተዋል። ካንጋል ግን ሌላ ነው። አገሩ ቱርክ፣ ሲቫስ አካባቢ ነው። ከበግ ጋር ያድጋል፣ ከበግ ጋር ያድራል። ተኩላ ሲመጣ እረኛው እንቅልፍ ላይ ሊሆን ስለሚችል የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱ ይወስናል። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲመረጥ የኖረው ለዚህ ጠባዩ ነው። ወደ መርካቶ አምጣልኝ የሚሉኝ እንግዲህ ሃምሳና ስድሳ ኪሎ የሚመዝን፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስን እንስሳ ነው።

ነጋዴው፦ የምፈልገውም እሱኑ ነው። ትእዛዝ የሚጠብቅማ ሰው አለኝ።

ዘበኛው፦ እኛም አገር እንዲህ ያለ አለ። ያደግሁት መንዝ ነው፤ የበግ አገር። የእኛዎቹ ውሾች ይህን ያህል አይገዝፉም፤ ሌሊት ግን የሚተኙት ጋጣው አፍ ላይ ነው። ጅብ ሲሸተው መጀመሪያ ይጮኻል፤ ቀጥሎ በጎቹን ይዞራል፤ ካልሆነለት ነው የሚገጥመው። ማንም ጠብቅ ብሎ አላስተማረውም። ከግልገል ጋር ነው ያደገው፣ በቃ።

አሠልጣኙ፦ አባባ ዋናውን ተናገሩት። ቡችላ ከሦስተኛ ሳምንቱ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያየውን፣ ያሸተተውንና አብሮት የተኛውን ሁሉ ወገኔ ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣው እንግዳ ነው፤ በብዙ ድካም ካልሆነ አይለመድም። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ይህን ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አውጥተውበታል። ናሚቢያ ውስጥ ደግሞ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለፍየልና ለበግ አርቢዎች የአናቶሊያ እረኛ ውሾችን ይሰጣል፤ የካንጋል የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ቡችላው ገና በሳምንታት ዕድሜው ከፍየሎቹ ጋር ይገባል። ውሻው አድጎ ሲጠብቅለት አርቢው ፍየል አይጠፋበትም፤ ፍየሉ ካልጠፋበት አቦሸማኔውን በጥይት አይገድልም። ውሻው አቦሸማኔ ማሳደድ አልተማረም። የተማረው ፍየል መውደድ ነው።

ነጋዴው፦ ታዲያ ምን ቸገረን? በስምንት ሳምንቱ አምጣልኝና መጋዘን ውስጥ ይደግ።

አሠልጣኙ፦ ከማን ጋር? ኩንታል አይተነፍስም፣ አያሞቀውም፣ አያጫውተውም። የበግ ውሻ በጉን የሚጠብቀው ወገኑ ስለሆነ ነው፤ ንብረት የሚባል ነገር አያውቅም። ጤፉ ማኛ ይሁን ሰርገኛ ለእሱ ያው ነው። ማታ በሩ ሲዘጋ መጋዘንዎ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ምን ይቀራል?

ዘበኛው፦ አይጡን ካልቆጠርነው እኔ ነኝ።

አሠልጣኙ፦ እርስዎ ነዎት። ውሻው የሚጠብቀውም እርስዎን እንጂ እህሉን አይደለም።

ነጋዴው፦ ይጠብቃቸዋ! እሳቸው ያሉት እህሉ ዘንድ ነው። እሳቸውን ከጠበቀ እህሌንም ጠበቀ።

አሠልጣኙ፦ አባባ ነገ ታመው አገራቸው ቢገቡስ?

ነጋዴው፦ ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ።

ዘበኛው፦ ውሻው አያስገባውም፣ ጋሼ።

ነጋዴው፦ እኔ አዘዋለሁ። የምቀልበው እኔ አይደለሁም እንዴ? ውሻ በበላበት ይጮኻል።

አሠልጣኙ፦ ተረቱ ልክ ነው። ነገር ግን ከማን እጅ እንደበላ የሚወስነው ውሻው ነው። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ሳህኑን የሚያስቀምጠው እጅ የአባባ ነው። ሌሊት ሲበርደው የሚጠጋው የአባባን ጋቢ ነው። እርስዎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፍ እያንቀጫቀጩ የሚመጡ፣ ሰው ላይ የሚጮኹ ሰው ነዎት። አይቆጡኝና፣ ውሻው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እርስዎን ሊሆን ይችላል።

ዘበኛው፦ እኔም ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልናገር። እህሉ የሚጎድለው ሌባ በአጥር ዘሎ እየገባ አይደለም። ሲራገፍ ነው፤ ሲቆጠር ነው፤ ሲመዘን ነው። የሚወስደው በሩን የሚያውቅ ሰው ነው። በሩን የሚያውቀውን ደግሞ ውሻውም ያውቀዋል። ጭራውን ይቆላለታል እንጂ አይጮኽበትም።

ነጋዴው፦ እርስዎንም ያውቅዎታል ማለት ነው።

ዘበኛው፦ ያውቀኛል። እኔን ከጠረጠሩኝ የሚያስፈልግዎት ሌላ ዘበኛ እንጂ ውሻ አይደለም። ከውሻው በኋላ ግን ሌላ ዘበኛ መቅጠርም ቀላል እንደማይሆን ነገርሁዎት።

ነጋዴው፦ አልጠረጠርሁዎትም። የውጭ ሌባ የለም ብላችሁ ግን አታሳምኑኝም። ለሌባ እኮ ጩኸቱ ራሱ ይበቃዋል። ትልቅ ውሻ ያለበትን በር ትቶ የሌለበትን ይመርጣል።

አሠልጣኙ፦ ይህን አልክድም። ግን ጎህ ሲቀድ ደጃፍዎ ላይ ማን እንደሚገኝ እናስብ። መጥረጊያና ወንፊት ይዘው የሚመጡ ሴቶች አሉ። ከመኪናው ሥር የፈሰሰውን ጤፍ ከነአፈሩ ይጠርጋሉ፣ ያበጥራሉ፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ፤ ልጅ አዝለው የሚሠሩ አሉ። ጎንበስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በጨለማ ወደ መጋዘኑ ይጠጋሉ። የጥበቃ ውሻ አደጋ የሚለው አመጣጥ ይኸው ነው። የሚሰርቅዎትን ያውቀዋልና አይነካውም፤ የፈሰሰውን የምትለቅመዋን ግን ይነክሳታል።

ነጋዴው፦ እኔ እነሱን ከልክዬ አላውቅም።

አሠልጣኙ፦ እርስዎ አልከለከሉም። ውሻው በእርስዎ ስም ይከለክላል።

ነጋዴው፦ እንዳይከለክል አስተምረው እንግዲህ! አሠልጣኝ የጠራሁት ለምን ሆነና? ጎረቤቴ የራሱን ውሻ እንዴት እንዳሳደገ ታውቃለህ? ጨለማ ክፍል ዘጋበት፣ ሥጋውን ሚጥሚጣ እየነሰነሰ ሰጠው፣ ጆሮውን ቆረጠው፣ ቀን ቀን በሰንሰለት አሰረው። ዛሬ ማንም አይቀርበውም። እኔ ይህን አልፈልግም፤ የሠለጠነ ነው የምፈልገው።

አሠልጣኙ፦ ያ ውሻ ተበላሸ እንጂ ጠባቂ አልሆነም። ሚጥሚጣ አፍ ያቃጥላል፤ ድፍረት አይሰጥም። ጨለማ ውስጥ ያደገ ቡችላ ሰው ስለማያውቅ ሰውን ሁሉ ይፈራል፤ ያ ውሻም የሚነክሰው ከፍርሃት ነው። ፈሪ ውሻ ሌባውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሐኪሙንም አይለይም። ሰንሰለቱ ደግሞ ይብሳል፤ መሸሽ የማይችል እንስሳ ያለው አማራጭ ጥርሱ ብቻ ነው። መልካም ጠባቂ የሚባለው ልቡ የረጋ፣ ሺህ ሰው ሲያልፍ ተጋድሞ የሚያይ፣ ያልተለመደ ነገር ሲመጣ ብቻ የሚነሣ ነው። ሥልጠናውም በአብዛኛው ምን እንደማያስፈራው ማሳየት ነው።

ዘበኛው፦ እህል በረንዳ ላይ ያ እንዴት ይሆናል? ያልተለመደ ነገር የሌለበት ሰዓት የለም።

አሠልጣኙ፦ የእኔም ጭንቀት እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት፣ ጋሼ። ጫኝና አውራጆቹን አይተዋቸዋል። ማዳበሪያ ከረጢት አጥፈው እንደ ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ ይደፉና ጀርባቸውን ይሸፍናሉ፤ መቶ ኪሎው ትከሻቸው ላይ ሲወርድ አንገታቸው ይሰበራል፣ ፊታቸው ይጠፋል። ሰውየውን እርስዎ በስሙ ይጠሩታል። ውሻ ግን ሰውን የሚለየው በፊቱ፣ በአካሄዱና በጠረኑ ነው። ፊት የለም፤ አካሄዱ በሸክሙ ተቀይሯል፤ ጠረኑን የጆንያውና የአቧራው ሽታ ውጦታል። ለውሻው ራስ የሌለው፣ እየተንገዳገደ የሚሮጥ ግዙፍ ነገር ነው የሚመጣበት። ይህን በሁለት ወሩ በሰው እቅፍ ሆኖ፣ ቁራሽ እየተሰጠው በየቀኑ ያላየ ውሻ፣ በሁለት ዓመቱ አውራጁን ከነኩንታሉ ይጥለዋል። ሌሊት መብራት አብርቶ የሚገባውን አይሱዙም፣ የጋሪውን ድምፅም፣ የደላላውን ጩኸትም እንዲሁ አንድ በአንድ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ነጋዴው፦ ታዲያ አስለምደው።

አሠልጣኙ፦ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን መጥቼ የሚለመድ አይደለም። በየቀኑ፣ ያውም ሥራ በሚጦፍበት ሰዓት ቡችላውን አቅፎ የሚዞር ሰው ይፈልጋል። ካንጋል ደግሞ ቶሎ አይበስልም። በስምንት ወሩ አካሉ ሙሉ ውሻ ይመስላል፤ ልቡ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አድጓል ብሎ ይለቀዋል፤ ሲነክስ ደግሞ ዘሩ ክፉ ነው ይላል። ገበያ ላይ የሚያገኙት ቡችላም አብዛኛውን ጊዜ አራትና አምስት ወር ግቢ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ነው፤ የሚለምድበት ጊዜ አልፎታል።

ነጋዴው፦ እሺ፣ አሁን እኔ ልጠይቅህ። እኚህ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ያላቸው ዱላና ባትሪ ነው። ሦስት ሰው ጩቤ ይዞ ቢመጣባቸው ያንተ ትምህርት ምን ያደርግላቸዋል? ዘበኛን ገንዘብ ይገዛዋል፣ ማስፈራሪያ ይገዛዋል። እሳቸውን ማለቴ አይደለም፤ ሰው ስለሆነ ማለቴ ነው። ውሻ ግን ጉቦ አይበላም፤ ዘመድ የለውም። አንተ ራስህ ውሻው የሚጠብቀው እሳቸውን ነው አልህ። እንግዲያው እሳቸውን ይጠብቅ! ከእህሉ ይልቅ ነፍሳቸው አይበልጥም? እሳቱም አለ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲነድ መርካቶ ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል። ጭሱን ከሰው በፊት የሚያሸት እንስሳ ቢኖረኝ ምን ክፋት አለው?

ዘበኛው፦ ይህ እውነት ነው፣ ልጄ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ካልመጣ በረንዳው ጭር ይላል። ያኔ አጠገቤ የሚተነፍስ ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል። አልዋሽም።

አሠልጣኙ፦ ጋሼ ካነሡት ሁሉ ይህ ይከብደኛል። ሰው ብቻውን እንዳያድር ብለው ውሻ ከፈለጉ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ያኔ ውሻው ከአባባ ጋር እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። ውስጥ ተቆልፎበት ወይም በሰንሰለት ታስሮ ያደረ ውሻ እሳት ሲነሣ ቢጮኽም ራሱ አያመልጥም። ነገር ግን አንድ ውሻ ለአንድ ሰው ነፍስ ይበቃል ብሎ ደሞዝ መቆጠብም ልክ አይደለም። ሦስት ሰው ጩቤ ይዞ የሚመጣበት ቦታ ከሆነ ሁለተኛ ሰው ይቅጠሩላቸው።

ነጋዴው፦ ሁለተኛ ሰው በየወሩ ደሞዝ ይበላል።

አሠልጣኙ፦ ውሻውስ በነፃ ይኖራል? ያን የሚያህል አካል በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ምግብ ይፈልጋል። ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ ቄራ ይሮጣል፤ ሳንባና ጉበት በጥሬው እያመጣ ይጥልለታል። እዚያ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለ ውሻው ሆድ ውስጥ ኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ከአቧራው ጋር ይነሣል። የት ላይ ያርፋል? ሰው የሚበላው እህል ላይ። ስለዚህ ተቀቅሎ ይሰጠዋል፣ የትል መድኃኒት በጊዜው ይውጣል፣ እህሉ ወዳለበት ክፍል ፈጽሞ አይገባም። ውሻው በረንዳ ላይ፣ ኩንታሉ ውስጥ።

ነጋዴው፦ ስለ ጎረቤቶቼም አስቤያለሁ። ግራና ቀኜ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ለአንደኛው፣ ለሐጂ፣ ውሻ ማምጣት እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ ለአደን፣ ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ ከሆነ በሃይማኖታቸው እንደተፈቀደ ነገሩኝ። አልተቃወሙኝም።

አሠልጣኙ፦ ማሳደጉን አልተቃወሙም። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ግን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ታጥቦ ነው የሚጠራው። ሊሰግዱ ሲወጡ ውሻው እርጥብ አፍንጫውን ልብሳቸው ላይ ቢያሳርፍስ? ገዢ መጥቶ ጆንያው ላይ ሲያሸት ቢያየውስ? እርስዎ በአጥር የተከለለ ግቢ የለዎትም፤ ያለዎት በረንዳ ነው፣ በረንዳው ደግሞ የጋራ ነው። የበግ ውሻ ወሰኑን በሽንቱ ምልክት እያደረገ ይዞራል። ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ማን ይነግረዋል? የሐጂን ደጃፍም የእኔ ነው ቢልስ?

ዘበኛው፦ የውሻ እብደቱንም ነገር እናንሣው። ልጅ ሆኜ ውሻ የነከሰው ሰው ፓስተር ሄዶ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ ሰምቼ ለወራት ውሻ ሳይ እሸሽ ነበር።

አሠልጣኙ፦ ያ የድሮው ክትባት ነው። አሁን ክንድ ላይ የሚወጋ፣ ቁጥሩም ያነሰ አለ። በሽታው ግን አልተለወጠም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ከመቶው 99ኙ ሰው የሚያዘው ከውሻ ነው። የእርስዎ ካንጋል ቢከተብ እንኳ በረንዳው ላይ ካልተከተቡት የሰፈር ውሾች ጋር መነካከሱ አይቀርም። አባባ የመንዝ ሰው ስለሆኑ ጓሳ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ ያውቁታል። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው በሽታ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷቸዋል። እረኞቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ውሾቻቸው አለመከተባቸው ነው ያን ሁሉ ያመጣው።

ነጋዴው፦ አስከትበዋለሁ። በየዓመቱ። ይህንንማ ማንም ያደርገዋል።

አሠልጣኙ፦ ማንም ቢያደርገው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተናገርሁ።

ነጋዴው፦ እንግዲህ አታመጣልኝም ማለት ነው?

አሠልጣኙ፦ ካንጋልን ለዚህ በረንዳ አላመጣም። እንስሳውን ስለምወደው ነው። ሰፊ ግቢ፣ መንጋና ሜዳ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ነገ አመጣለሁ። ለእርስዎ የሚሆን ውሻ ግን በርዎ ላይ ተኝቷል። ያቺ ቡላ የሰፈር ውሻ እዚያው ተወልዳ ነው ያደገችው፤ አውራጁን ከነቆቡ ታውቀዋለች፣ ሴቶቹን ታውቃቸዋለች፣ አይሱዙ ሲመጣ ከመንገድ ትነሣለች። እንግዳ ሲመጣ ትጮኻለች። እኔ ሁለት ዓመት ደክሜ ካንጋሉን የማስተምረውን እሷ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። የጎደላት ክትባት፣ እንዳትወልድ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና በሰዓቱ የሚሰጣት ምግብ ነው።

ነጋዴው፦ እሷ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእሷ ነገር! ሌባው ከሄደ በኋላ ነው ድምፅዋ የሚሰማው።

ዘበኛው፦ አትጮኽም አልልህም፣ ልጄ፤ ትጮኻለች። ትቀሰቅሰኛለች። ግን አንድ ሌሊት ሁለት ሰካራም ጠርሙስ ሰብሮ ሲመጣብኝ ዕቃ መጫኛ ጋሪው ሥር ገብታ ነው ያገኘኋት። አልፈርድባትም። ነገር ግን ጋሼ የሚሉትም ከንቱ አይደለም። አጠገቤ የሚቆም ነገር ያስፈልገኛል።

አሠልጣኙ፦ አጠገብዎ የሚቆመውን እኔ ሰው ይሁን እላለሁ።

ነጋዴው፦ እኔ ደግሞ ሰውም ውሻም ይሁን እላለሁ። ሁለት ዓመት ይፈጃል ካልህ ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ።

ዘበኛው፦ የትኛውም ይምጣ፣ ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ አለ። ሁለተኛው ዘበኛ ቀድሞ ይቀጠርና ቡችላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለታችንንም ይልመድ። ሴቶቹም፣ አውራጆቹም፣ የሐጂ ልጆችም በየቀኑ ይዩት፣ ይንኩት። የሚበላው ተቀቅሎ ይምጣ። በር ላይ ሳሙናና ውሃ ይኑር፤ ውሻ የቧጨረው ወይም የነከሰው ሰው ቁስሉን ሩብ ሰዓት ሙሉ ታጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የክትባቱ ወረቀት ደግሞ በእርስዎ ስም ይውጣ፣ ጋሼ፤ በእኔ ስም አይደለም።

ነጋዴው፦ በእኔ ስም ለምን? ውሻው የእርስዎ ወዳጅ ነው ተባለ አይደል?

አሠልጣኙ፦ ወዳጅነቱ የእሳቸው፣ ባለቤትነቱ የእርስዎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱም ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ።